ሰባተኛው አልጋ

ጥር 4

እትዬ፣

ጤናሽን፣ ጉልበትሽን፣ ከዚያም የስፌት መኪናሽን እንደየማዕረጋቸው ሰላም ብያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ከሚባሉትም ሻል ያልኩ ነኝ።

ያለፈውን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ ብለሽኛል። ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ ወንድምሽ እጅ ነው። «እርሳስ ሲያይ እባብ እንዳየ የሚሸሸው?» ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በአራት ወር የማታ ትምህርት፣ ፊደሉን ከነዘመድ አዝማዱ ጨርሻለሁ። አሁን መንገድ ላይ የሱቅ ስም ሳላነብ ማለፍ አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ከሰው ተጋጭቻለሁ። መምህርቷ «እንደ አንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላለች። ጎበዝ ለማለት ይሁን ለፍላፊ ለማለት አልጠየቅኋትም፤ የተሰጠ ምስጋና አይመረመርም።

የስልክ ቁጥርሽን ላኪልኝ ብል እምቢ ብለሻል። «በስልክ ታስቀኛለህ፣ ስስቅ ደግሞ እረሳለሁ፤ በወረቀት ግን ደግሜ አነበዋለሁ» ነው ያልሽው። ምኑን ላለመርሳት እንደፈለግሽ አልነገርሽኝም። ይሁን። የአውቶቡሱ ሾፌር ደህና ሰው ነው፣ በሁለት ቀን ያደርስልሻል።

የት ነው የምትኖረው ላልሽው፣ ሰፊ ቤት ውስጥ ነኝ። አሥራ ሁለት አልጋ አለው። አብሳይ አለ። ጠዋት ጠዋት ነርስ መጥታ እግሬን ታየዋለች። እግርህ ምን ሆነ ላልሽው፣ ትንሽ ተጋጭቶ ነው። ሥራውን ለጊዜው ሠራተኞቼ ይዘውታል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ትኮሪብኝ። ሰዓት ሰሪው የምንለው ወዳጄ ሆስፒታል ተኝቷል። ስኳር አለበት፤ ቁስል ወጥቶበት ሁለት የእግሩን ጣቶች ቆርጠውለታል። ትናንት ልጠይቀው ሄጄ አጠገቡ ቁጭ እንዳልኩ የሆስፒታሉ ጸሐፊ የመውጫ ቅጽ ይዞ መጣ። ሰዓት ሰሪው ከሰዓት ቁጥር በቀር ማንበብ አይችልም። ጸሐፊው ሊሞላለት ብዕሩን ሲያወጣ «ግዴለም፣ ለእኔ ስጠኝ» አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ብታዪ! ስሙን ሞላሁ፣ ዕድሜውን ሞላሁ። «ከዚህ ሲወጡ የሚያርፉበት ቤት» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ሰዓት ሰሪው ዝም አለ። መምህርቷ ደግሞ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ አይተውም ብላ አስተምራናለች። ስለዚህ ያንቺን ቤት ጻፍኩለት። ሰዎች ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ሃያ ዓመት በቃሌ ያስጻፍኩት አድራሻ አይደል? ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ የቤት ቁጥሩን አስገባሁና «የእህት ቤት፣ አራት ክፍል፣ ግቢ ያለው» ብዬ ጨመርኩበት። ጸሐፊው «እንዲህ ያለ የእጅ ጽሕፈት ሐኪሞቻችንም የላቸውም» አለ።

ምናልባት ወረቀት ቢመጣልሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ወንድምሽ


ጥር 10

ወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። የስፌት መኪናዬም አመስግናለች፤ ዛሬ ከእኔ ይልቅ እሷን ብታጫውት ይሻልሃል።

ወረቀቱ መጥቷል። እንድታነበው ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፤ ማንበብ ችያለሁ ብለህ የለ። «ታማሚው ጥር 5 ቀን ወደ ቤተሰቡ ተሸኝቷል። ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ። ኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። እግሩን ለስድስት ሳምንት እንዳይረግጥበት።»

የቱ ቤተሰቡ? ማነው የሚያጥበው? እኔ ቤት በሽተኛ የለም። ይህን ወረቀት ካነበብኩ ጀምሮ በሩ በተንኳኳ ቁጥር መቀሴን ጥዬ እነሳለሁ። የማላውቀው ሰው፣ በአንድ እግሩ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ይታየኛል። ከፍቼ ሳየው የሚመጣው ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ነው። ሰውየው የት እንዳለ አሁኑኑ ጻፍልኝ።

አራት ክፍልም አልኩህ? አንድ ክፍል ናት። ግማሿን መኪናዋ ይዛዋለች፤ በቀረው ግማሽ እኔ እተኛለሁ። ግቢው የአከራዬ ነው፤ ልብስ ለማስጣትም አስፈቅጄ ነው።

ደግሞ ያ የአሥራ ሁለት አልጋ ቤትህ። በዕድሜዬ አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበት አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ቤት አይቼ አላውቅም። ነርስ ደግሞ ትንሽ የተጋጨ እግር ለማየት በየጠዋቱ አትመጣም። ምንድነው ያለህበት? ሠራተኞችህ እነማን ናቸው? በዚህ ዕድሜህ ፊደል መቁጠርህ ደስ ብሎኛል፤ እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር። ግን ባዶ ቦታ በውሸት መሙላት ከመምህርቷ የተማርከው አይደለም። እሱን ድሮም ታውቅበት ነበር።

እህትህ


ጥር 13

እትዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅርታ።

ሰውየው ሜዳ ላይ ነው። የጭነት መኪና መናኸሪያው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ ፕላስቲክ ወጥሮ ተኝቷል። ጥር 5 ቀን ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበር እስከ ሆስፒታሉ በር ገፍተው፣ አውርደው፣ ወንበሩን ይዘው ተመለሱ። ወንበሩ የሆስፒታሉ ነዋ! ፋሻውንና አንድ ከረጢት መድኃኒት ሰጥተውታል። ዘበኛው «ቤተሰቦችዎ እስኪመጡ በሩን አይዝጉት» ብሎታል። ከዚያ በኋላ በሩን እንዳይዘጋ እየተሳበ ሄደ። እኔ ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ አልጋው ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። ሁለት ቀን ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። ቤቱ የእኔ አይደለም። ከሆስፒታል ወጥተው መግቢያ የሌላቸው ሰዎች ቁስላቸው እስኪደርቅ የሚተኙበት ማገገሚያ ነው። ሐኪሞቹ «ከሆስፒታል ይውጣ፣ ግን ሜዳ ላይ ከወደቀ ይሞታል» የሚሉትን ይልኩለታል። ነርሷ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ቁስል ታጥባለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች። ለኢንሱሊን ፍሪጅ አለ። የማታ ትምህርቱም እዚሁ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሳህን ይነሳና ፊደል ይቀርባል።

ሠራተኞችም የሉኝም። ሥራ ተቋራጭ ሆኜ አላውቅም። ተሸካሚ ነኝ። መናኸሪያው ውስጥ ክሬን ይሉኝ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ብቻዬን ስለማነሳ። ይኼኛው ጉራ እንኳ እውነት ነው። ባለፈው ክረምት ከመኪና ላይ ከነጆንያው ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ሲያሰናብቱኝ ጸሐፊው ቤት አለህ ወይ ሲለኝ ትኩሳት ይዞኝ ነበርና ለመዋሸት አቅም አጣሁ። የለኝም አልኩ። ትኩሳቱ አዳነኝ እትዬ። ደህና ብሆን ኖሮ ቪላ አለኝ ብዬ እኔም በሩ ላይ እወርድ ነበር።

ሰዓት ሰሪው ግን ትኩሳት አልነበረበትም፤ እኔ ነበርኩበት።

አሁን የሚያቃጥለኝን ስሚ። እኔ የምተኛው ስድስተኛው አልጋ ላይ ነው። አጠገቤ ያለው ሰባተኛው ባዶ ነው። ከስምንት ቀን ጀምሮ ባዶ ነው። አንሶላው ተነጥፎ፣ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ፣ ትራሱ ተነፍቶ። በየጠዋቱ ጽዳቷ ማንም ያልተኛበትን አልጋ አራግፋ ታነጥፈዋለች። መናኸሪያው ከዚህ በምርኩዝ እንኳ ሩብ ሰዓት አይሆንም። ወደ ማገገሚያው አስተባባሪ ገባሁ። አልጋው ባዶ አይደል ወይ አልኩት፤ ባዶ ነው አለኝ። ሰውየው ሜዳ ላይ ነው አልኩት፤ በጣም ያሳዝናል አለኝ። ታዲያ አልኩት። «በወረቀት ቤት አለው» አለኝ። «ወደ ቤተሰብ የተሸኘን ሰው ባስገባ ነገ ሆስፒታሉ ሁሉንም ወደ እኔ ይልካል።» የሚያወራው በትሕትና ነው፤ ወንበር ስቦልኝ ነው ያስቀመጠኝ። ብረት የመሰለ ትሕትና። ቢሳደብ እኮ እኔም ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ሲስተር በምሳ ሰዓቷ ፋሻ በቦርሳዋ ይዛ ግድግዳው ሥር እየሄደች ታጥበዋለች። አስተባባሪው ይህንንም እንዳታደርግ አስጠንቅቋታል። ትሄዳለች። ትናንት ስትመለስ እጇን ታጥባ ታጥባ አልጠግብ አለች። አቧራ ነው፣ ዝንብ ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ማጠብ ማቆሸሽ ነው ብላኛለች።

መፍትሔው አንድ ነው ተባልኩ፤ ከባለ አድራሻዋ የተፈረመ ወረቀት። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ፦ «ይህ ሰው ከእኔ ዘንድ ነበር፤ ቤቴ ስለጠበበ ግን ከእንግዲህ ላኖረው አልችልም።» ፈርሚና ለሾፌሩ ስጪው። እውነቱን ለምን አትናገርም እንዳትይኝ። የቤቱ ደንብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ለማያነቡት የማነብላቸው እኔው ነኝ። አራተኛው «የሐሰት መረጃ የሰጠ ይሰናበታል» ይላል። እኔ ገና በምርኩዝ ነኝ።

ቶሎ በይ።

ወንድምሽ


ጥር 17

ወንድሜ፣

አልጽፍም። ያልከውን ማለቴ ነው።

አንተ ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል። ዳሌህ ተሰብሮ ሳልሰማ መክረሜ አንገቴን አስደፍቶኛል። ይህን ካልኩ በኋላ ግን የቀረውን ስማ። አንድ ውሸት ሰውየውን ሜዳ ላይ ጣለው። አሁን ሁለተኛ ውሸት፣ ለዚያውም በእኔ እጅ፣ በእኔ ፊርማ። በሽተኛ ከቤቷ ያባረረች ሴት ልሁንልህ? አንተ ጎበዝ ጸሐፊ ሆነህ እንድትቀር እኔ ጨካኝ ልባል?

ምኑን ላለመርሳት ነው ብለኸኝ ነበር። እነግርሃለሁ።

እማዬ ልቧን ልትታከም ወደ አንተ የመጣች ጊዜ። አዎ፣ መጥታ ነበር። አንተ አታውቅም። ያን ጊዜ በምታስጽፋቸው ደብዳቤዎች ሥራ ተቋራጭ ነበርክ፤ መናኸሪያው አጠገብ ማንንም ብትጠይቁ ቤቴን ያሳያችኋል ትል ነበር። ጠየቀች። አንዱ «ያውና» ብሎ በጣቱ አሳያት። ጆንያ ተሸክመህ፣ አንድ ከልጅዋ ልጅ የሚያንስ ተቆጣጣሪ እየጮኸብህ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እስከ ቀትር አየችህ። አልጠራችህም። ሐኪም ቤትም ሳትሄድ በከሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች።

ለጎረቤቱ ሁሉ ምን አለች መሰለህ? «ቤቱ ሰፊ ነው፤ አልጋውን ለቆ መሬት ተኝቶ አስተኛኝ፤ ሐኪሙም ደህና ነሽ አለኝ» አለች። ሁለት ዓመት ይህን ስታወራ ኖረች። እኔም አምኜ ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም፤ ታክማለች ብዬ! እውነቱን የነገረችኝ ልትሞት አንድ ሳምንት ሲቀራት ነው። «እንዳያፍር ብዬ ነው፣ አትንገሪው» ብላኛለች። ይኼው ነገርኩህ። ቀብሯ ላይ ያልመጣኸው በባዶ እጅ ተቋራጭ አይመጣም ብለህ እንደሆነም አሁን ገባኝ።

እናታችን ለአንተ ዋሽታ ሞተች። እኔ አልዋሽልህም።

ከዚህ ጋር የታሸገው ወረቀት የእኔ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሰው እኔ ቤት ኖሮ አያውቅም፤ አላውቀውም። አድራሻዬን ሳላውቅ የጻፈው ወንድሜ ነው። ወንድሜም ቤት የለውም።» የመጨረሻዋን የጻፍኳት ሁለት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ነው። ፈርሜበታለሁ። ትሰጣለህ ወይም አትሰጥም፤ እሱ የአንተ ነው። ሰውየው ግን እየጠበቀ ነው።

እህትህ


ጥር 21

እትዬ፣

ደርሶኛል። የእማዬን ጉዳይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ባልችል ኖሮ ሰው ፊት ይነበብልኝ ነበር፤ ለዚያ እንኳ ተመስገን። ስለ እሷ ዛሬ ምንም አልጽፍም፤ ብጽፍ አሳምሬ እጽፈዋለሁ፣ አሳምሬ መጻፍ ደግሞ አስጠልቶኛል።

ከመስማትሽ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ወረቀትሽ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው። አሳደርኩት። ትራሴ ሥር አድርጌ አሳደርኩት። ውጭው ብርድ ነበር፤ አልጋዬ ሞቃት ነበር፤ ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። አጠገቤ ሰባተኛው አልጋ ተነጥፎ ነበር። ያቺን አንድ ቀን ለማንም አላወራኋትም፤ አንቺ እንድታውቂያት ነው።

ትናንት ጠዋት አስተባባሪው ዘንድ ገብቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ከፈለጋችሁ ስድስተኛውንም ውሰዱና ለእሱ ስጡት አልኩ። ቀስ ብሎ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። ሊቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። «ጥሩ ማስረጃ ነው» አለኝ። «ሐሙስ ኮሚቴው ያየዋል።»

ትናንት ዓርብ ነበር እትዬ።

ስድስት ቀን። አልጋው ባዶ፣ ሰውየው ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ወረቀቱ ተሟልቶ፣ ስድስት ቀን። ኮሚቴው ምኑን ነው የሚያየው? እግሩን አያየውም፤ ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን ደግሞ እሱ አሁን አየው። አልጋው እንዳይቆሽሽ ነው? ሰው የሚተኛበት ነገር አይደል ወይ የሰሩት? ይህን ሁሉ ጮኼ ነገርኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ጭነት ስሸከም አንድም ቀን «ይህን ጆንያ ኮሚቴ ይየው» ያለኝ የለም፤ ጆንያ ዝናብ እንዳይመታው እንሮጥለት ነበር። ወንበር ሳበልኝ። ወንበሩን በምርኩዜ ገፋሁት፤ ወደቀ። አነሳው። «ስሜትህ ይገባኛል» አለኝ። ስሜቴን ለምን ይገባዋል? ሰውየውን ያስገባው!

ሲስተር ከምሳ በፊት ወጥታ ሄደች። ስትመለስ ብቻዋን ናት። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ኢንሱሊኑ ፀሐይ ላይ ከርሞ ውሃ ሆኗል። መንገድ ላይ አሸዋ የጫነ ፒካፕ አስቁማ፣ አሸዋው ላይ አስተኝታ ወደዚያው ሆስፒታል መልሳዋለች። ስትነግረን አልጮኸችም። የለበሰችውን ጓንት አውልቃ አስተባባሪው ጠረጴዛ ላይ፣ የአንቺ ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። ከነሽታው።

ሌላ የማውቀው የለም።

ወንድምሽ


ጥር 26

ወንድሜ፣

ስትቆጣ እንዲህ መጻፍህን አላውቅም ነበር። ያሳደርካትን ቀን ስለነገርከኝ ግን ይቅር አልልህም፤ ይቅር የሚልህ እኔ አይደለሁም።

እግሩ ምን ሆነ? አንተንስ አስወጡህ? ቀልድ ሳትቀላቅል መልስልኝ። ካስወጡህ ና። አንድ ክፍል ናት፤ መኪናዋን ገፍቼ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለክቻለሁ። እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ፣ ልኬ አይሳሳትም።

እህትህ


መጋቢት 6

እትዬ፣

የዘገየሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። የሰዓት ሰሪው ነገር መልክ ሳይዝ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ? መልሽልኝ፤ እኔ ብቻ ስለተናገርኩ ነው።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። ሲስተር የወሰደችው ዕለት ነው፤ ያን ቀን ባይሆን ይሞት ነበር ብለዋታል። ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። ፈቀደ። «በልዩ ሁኔታ ታይቶ» የሚል ወረቀት መጣ፤ እኔ ነኝ ለሁሉም ያነበብኩላቸው። ማንም አላጨበጨበም። ሰባተኛው አልጋ አሁን የሰዓት ሰሪው ነው። ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ በታች ሲያጣጥፈው ዐይኔን ወዴት እንደማደርግ አላውቅም።

እኔን አላስወጡኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ሲስተር «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» ብላለች። ምርኩዜን ጥያለሁ። በወሩ መጨረሻ ዳሌህ ድኗል ተብዬ እንደ ማንም እወጣለሁ። አንድ መጋዘን ለጥበቃ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ ማንበብ የሚችል ዘበኛ ነው የፈለጉት። ይኼን ለጉራ አላልኩሽም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ና ላልሽኝ፣ እመጣለሁ። አሁን ግን አልችልም፤ ተከስሻለሁ። ከሳሼ ደግሞ ገና ፊደል እየቆጠረ ነውና እስኪጨርስ መጠበቅ አለብኝ።

እንዲህ ነው። ሰዓት ሰሪው ሲመጣ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወደ ግድግዳው ዞረ። ሻይ አመጣሁለት፣ አልጠጣም። ቀልድ ነገርኩት፤ ያን ማድረግ አልነበረብኝም። አሥራ ዘጠኝ ቀን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ጎን ለጎን ተኝተን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሲስተርን ያናግራል፣ ጽዳቷን ያናግራል፣ አስተባባሪውን እንኳ ደህና አደርክ ይለዋል። እኔን ሲያይ እንደ ቆመ ሰዓት ዝም ነው።

በሃያኛው ቀን የማታ ትምህርት ሲጀመር በምርኩዝ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መምህርቷ አዲስ ተማሪ መጣልን ብላ ደስ አላት። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አንተ አስተምረኝ» አለ።

ምን ልትጽፍ ነው አልኩት። «አቤቱታ» አለኝ። ለሆስፒታሉ የበላይ የሚላክ አቤቱታ። አቤቱታ ከባድ ነው፣ እኔ በአንድ ቀን አሳምሬ እጽፍልሃለሁ አልኩት። አፌ ነው እንጂ ልቤ እንዲያ አላለም፤ ልማድ ነው።

«ሰው ጽፎልኝ አይቻለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ነው። ይናገራል፣ እኔ በሌላ ወረቀት ላይ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ፊደል በፊደል ይገለብጠዋል። የገለበጠውን አንብብ እለዋለሁ፤ ካላነበበው ወደ ቀጣዩ አያልፍም። በቀን ሁለት መስመር። ይቸኩላል ብዬ ነበር፤ አይቸኩልም። ቃላቱ አጭር ናቸው። «በር ላይ አወረዱኝ። ወንበሩን ወሰዱት። አልጋ ነበር።» እኔ ብጽፈው ገጽ የምሞላበትን እሱ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል።

ትናንት ተከሳሾቹ ላይ ደረስን። አንደኛ ጸሐፊው፤ ቤት አለህ ወይ ብሎ እሱን ስላልጠየቀ። ሁለተኛ መውጫውን የፈረመው ሐኪም፤ ማን እንደሚያጥበው ሳያይ እጠቡት ብሎ ስለጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አሾለ።

ሦስተኛስ አልኩት፤ አስተባባሪው ይሆናል ብዬ።

«ሦስተኛው አንተ ነህ» አለኝ።

ከአስተባባሪው በፊት? ከኮሚቴው በፊት? አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ መምህርቷ ቀና አለች።

«እነሱን አላውቃቸውም» አለኝ። «አንተ ግን ወዳጄ ነበርክ።»

እትዬ፣ ሦስተኛ ተከሳሽ። እኔ!

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ክሬን ብዬ ጻፍኩለት፤ ከሥሩም «ቤት ሳይኖረኝ አለው ብሎ ጻፈ፤ የእህቱንም ወረቀት አንድ ቀን አሳደረ» ብዬ ጨመርኩ። አሳደረ የሚለውን እንድጽፍ አላዘዘኝም፤ አያውቀውም ነበር። በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መገልበጥ ጀመረ። እጁ የሰዓት ሰሪ እጅ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፣ መስመር አይስትም፤ ጽሕፈቱ ከእኔ ያምራል። ነገርኩት።

«ዝም በልና ቀጣዩን አሳየኝ» አለኝ።

አሳየሁት።

ወንድምሽ